የአንድ ሲኒ ማጥለያ

የሻረግን ሙት ዓመት ባለፈው እሑድ ዘከርን። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ እድርተኛው በልቶ ጠጥቶ፣ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን እኔ ደጃፉ ላይ በርጩማዬን አስጠግቼ ተቀምጫለሁ። የሚያልፈው ሁሉ «ያጥናህ» ይለኛል፣ እኔም «አሜን» እላለሁ። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ከሞተች ዓመት ሞላት፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ዕንባ አልወጣኝም። በቀብሯም ዕለት አልወጣኝም። የደባርቅ ሰው ደግ ነውና «ማሩ ጽኑ ነው» ብሎ አለፈኝ። ጽናት አልነበረም። ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ሳንቃ በር በሚባለው የድንኳን ሰፈር ለሃያ ስድስት ዓመት የቱሪስት ምግብ አብሳይ ሆኜ ስሠራ ጠዋት ጠዋት እጄ በብርድ ይደነዝዝ ነበር። የድስቱን ጆሮ ይፋጅ አይፋጅ ሳላውቀው እይዝና፣ ከሰዓት በኋላ ቆዳዬ ተልጦ ሳይ ነው መቃጠሌን የምረዳው። የዚህ ዓመት ነገሬም እንደዚያው ነው።

ዕቃው ታጥቦ ሲያልቅ ወርቄ ከዘሃራ ጋር ወደ እኔ መጣች። ወርቄ በስተቀኝ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ የየሻረግ የሠላሳ ዓመት ቡና አጣጭ። ዘሃራ በስተግራ ናት፤ ገበያው ዳር ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከሁለቱም በዕድሜ ታንሳለች፣ በምላስ ግን አታንስም። ሦስቱ ቤቶች ቡናቸውን በተራ ነው የሚያፈሉት። ሰኞና ሐሙስ ወርቄ ቤት፣ ማክሰኞና ዓርብ እኛ ቤት፣ ረቡዕና ቅዳሜ ዘሃራ ቤት። ጠሪ አይላክም። የባለተራው ቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ፣ በቃ።

«አያ ማሩ፣ አንድ ነገር ልንልዎት ነበር፤ እንዳይቀየሙን» አለች ወርቄ።

«በይ እንጂ።»

«ዓመቱን ሙሉ ማክሰኞና ዓርብን ባዶ አድርገን ይዘንላታል። የትኛችንም አላፈላንም። አሁን ዓመቱ ሞላ። ከታች በኩል አዲስ የገባችው ሴት ተራ ስጡኝ እያለች ነው። የእርስዎን ቤት ቀን ለሷ እንስጥ ወይስ እንዴት ይሁን?»

«የእርስዎ ሲኒ እንደሆነ በአጥሩ በኩል ይመጣልዎታል፤ እሱን የሚያቆመው የለም» ብላ ዘሃራ ጨመረች።

ማክሰኞና ዓርብ ባዶ መዋላቸውን እስከዚያች ሰዓት አላስተዋልኩም ነበር። በሌላው ቀን በአጥር የሚሰጠኝን ሲኒ ተቀብዬ እጠጣለሁ፣ ሲኒውን እመልሳለሁ። የመጣበትን ቀን ቆጥሬ አላውቅም። ጥያቄያቸው ቅን ነው፣ መልሱም ቀላል ነው፤ ሚስት የሌለው ቤት ምን የቡና ተራ አለው? «ስጧት» ልል አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን «ማክሰኞ ኑ» የሚል ሆነ። ለምን እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም። ያን ቀን ከሰጠሁ የሻረግ የምትባል ሴት በዚህ ሰፈር የነበረችበት የመጨረሻው ነገር እንደሚሄድ ገብቶኝ ይሆናል፤ ደግሞም ላይሆን ይችላል።

«ማነው የሚያፈላው?» አለች ዘሃራ።

«እኔ።»

«ጀበና ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

እውነቴን ነው። እስቲ አስቡት፤ ዓለም በየቤቱ ቡናውን እንዴት እንደሚያፈላ ደባርቅ ውስጥ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። የጣሊያኑን፣ የቱርኩን፣ የፈረንሳዩን፣ የጃፓኑን አውቃለሁ፤ ሁሉንም በእጄ ሞክሬዋለሁ። የገዛ ሚስቴ አርባ ዓመት ያጠጣችኝ ቡና ግን እንዴት እንደሚፈላ አላውቅም። ስንት ማንኪያ እንደምትጨምር፣ መቼ ከእሳት እንደምታወርደው አላየሁም። ተቀምጬ እጄን እዘረጋለሁ፣ ሲኒው እጄ ላይ ይመጣል። እንዲህ ነበር የኖርነው፤ ለማንም እንግዳ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት፣ ለሙት ዓመቱ የመጡት ልጆቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ጎንደር ከተመለሱ በኋላ፣ የቁም ሳጥኑን የታችኛውን በር ከፈትኩ። ፈረንጆቹ ሲሄዱ እየተዉልኝ የሄዱት የቡና ዕቃ ሁሉ እዚያ ነው የተከማቸው። ያ ዘመን ሌላ ነበር። አስፋልት አልነበረም፤ ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ይቆማል፣ ዳባት ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ በግ ይጫናል፣ ቀኑን እንዲህ ፈጅቶ ደባርቅ ሲደርስ ሰዉም ዕቃውም አንድ ዓይነት አፈር ለብሷል። ቡና በገበያ በጣሳ ይለካ ነበር፤ በሁለት ብር የሚገዙት ጣሳ ሳምንት ያደርሳል። እኔ የጦር ሠራዊት የሚመስል ኮት፣ በእግሬ ደግሞ ኮንጎ ጫማ ነበረኝ፤ በኮንጎ ጫማ በረዶ የረገጠ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። አንዱን ቡድን አውርጄ ሌላውን ይዤ እወጣለሁ፤ በመካከሉ ቤቴ የማድረው ሁለት ሌሊት ቢሆን ነው። የሻረግ ሸሚዜን አጥባ፣ በሶዬን አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። የዳባት ልጅ ናት፤ የዳባት ሰው ብዙ አይናገርም። «መቼ ትመጣለህ?» እንኳ አትለኝም ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ የማትጨቀጭቅ ሚስት አገኘሁ ብዬ።

ፈረንጅ ተራራ ሲወጣ የማይረባውን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል እያልኩ እስቅ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ፣ ቡና የሚወድ ሰው የቤቱን ጠዋት ሻንጣው ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። እኔም ልማድ አደረግሁት፤ ድንኳኑ ተተክሎ ውሃው ሲጣድ አስጎብኚውን አስተርጓሚ አድርጌ «በቤታችሁ እንዴት ነው የምትጠጡት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መስማት ነው። አንዲት ጣሊያናዊት ወገቧ የታሰረ የአሉሚኒየም ማፍያ ይዛ መጣች። ከታች ውሃ፣ መሐል ላይ ቡና ይደረጋል፤ ውሃው ሲፈላ እያንኮራፋ በቡናው መሐል አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። እናቷ ናት የሰጠቻት። እኔ ደግሞ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ፣ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ባየው ጊዜ በአመድና በአሸዋ ፈትጌ እንደ መስታወት አድርጌ አቀረብኩላት። ሴትዮዋ ፊቷ ተለዋወጠ። ለካ እነሱ ዘንድ ያ ጥቁር ነገር አይነካም፤ በውሃ ብቻ ነው የሚለቀለቀው፤ የእናቷ የስንት ዓመት ቡና ነበር እኔ ያጠብኩት። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ስትሄድ ማፍያዋን ለኔው ተወችው፤ የእናቷ ቡና የታጠበበትን ዕቃ ይዛ መመለስ አልፈለገችም መሰለኝ።

ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ጢማም ሽማግሌ ደግሞ ምንም ዕቃ አያሻውም። በደረቁ የተፈጨውን ቡና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይጨምርና ያፈላዋል፤ አውርዶ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲያደርግበት አተላው ወደ ታች ይወርዳል። «ክረምት አገራችን አይነጋም፤ ስለዚህ ስምንት ሲኒ እንጠጣለን» አለ። ቱርኩ እጀታው ረጅም የሆነ የመዳብ ዕቃ ይዞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል አረፋው እስኪነሳ ይጠብቃል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ሲኒውን ገልብጦ በአተላው ዕጣ ያነባል። ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቀን ስካውታችን አያ ታከለ ዲያቆን ነበርና ይሄን ሲያይ አማተበ። ቡናውን ግን አልተወም። ፈረንሳዮቹ ቡናውን በመስታወት ዕቃ አድርገው ወንፊቱን ከላይ ይጫኑታል፤ ከዚያ ጆሮ በሌለው ጎድጓዳ ሳህን ይቀዱና ዳቦ እየነከሩ ይበላሉ። እንግሊዙ ከቆርቆሮ የቡና ዱቄት በማንኪያ አውጥቶ ሙቅ ውሃ ያፈስበታል፤ ያሟሟውና ወተት ጨምሮበት «ቤቴ ያለሁ መሰለኝ» ይላል። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ከሁሉም ግን ያ ጃፓናዊ ነው። ብቻውን የመጣ፣ ስድሳ የተጠጋው፣ ልብሱ ተራራ ላይ እንኳ የማይቆሽሽ ሰው ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ገደሉ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መዳፍ በምታህል የእጅ ወፍጮ ጥቂት ፍሬ ፈጨ። ከዚያ አንዲት ነጭ የሸክላ ማጥለያ አወጣ፤ አፏ ሰፊ፣ ታቿ ጠባብ፣ ሲኒ አፍ ላይ የምትቀመጥ። ወረቀት አጥፎ ውስጧ አደረገ፣ ቡናውን ጨመረ፣ ሙቁን ውሃ እንደ ክር አቅጥኖ ማፍሰስ ጀመረ። ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንዲት ሲኒ እስክትሞላ የእኛ አገር ሰው ማሳ ያርሳል። አንድ ሰው፣ አንድ ሲኒ፣ ብቻውን! እኛ ዘንድ ብቻውን ቡና የሚጠጣ ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ የተረሳ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ነው ብዬ አዘንኩለት። «አያ ታከለ፣ ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ፤ ሰውዬው ብቻውን ነው» አልኩት። ታከለ ጠመንጃውን ይዞ ሄዶ ተቀመጠ። ጃፓናዊው ተነስቶ እጅ ነሳ፣ የያዛትን ሲኒ ለሁለት ከፈለ። በማግስቱ እኔም ሄድኩ፤ ለሦስት ተከፈለች። በሦስተኛው ቀን በቅሎ ነጂውም መጣ፤ ለአራት። ለእያንዳንዳችን የደረሰችን ምላስ አታረጥብም፤ እኛም ለቡናው ብለን አልሄድንም፣ ለነፍስ ብለን ነው። በአራተኛው ቀን የያዘው ቡና አለቀ።

አስጎብኚው በኋላ ነው የነገረን። ሰውዬው በቤቱ ጠዋት ጠዋት መስኮት ሥር ተቀምጦ አንዲት ሲኒ ያፈላል፤ ያ ጠብታ ሲወርድ ዝም ብሎ መስማት ነው ደስታው። ተራራችን ላይም የመጣው ለዝምታው ነበር። እኛ አዝነንለት ዝምታውን ጨረስንበት፤ እሱ ደግሞ እንግዳ ነውና ሂዱ ማለት አልቻለም። ሲሄድ ማጥለያዋን ከአንድ እሽግ ወረቀት ጋር ሰጠኝና አንድ ነገር አለ። አስጎብኚው እየሳቀ «እዚህ አገር ከዚህ የሚተልቅ ያስፈልጋል ይልሃል» አለኝ። ወስጄ ለየሻረግ ሰጠኋት፤ አሠራሯንም አሳየኋት። አገላብጣ አየቻትና «ቡና ማፍያ ናት ወይስ የዓይን ጠብታ?» አለች። ሳቅን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ቆይቶም ፈረንጁ ቀረ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ፤ እኔም አረጀሁና ቤቴ ተቀመጥኩ።

ሰኞ እንግዲህ ማጥለያዋን ነበር የፈለግሁት፤ ከሁሉም የማስታውሰው የሷን አሠራር ነውና። የጣሊያናዊቷ ቡና ማፍያ አቧራ ለብሳለች፣ የመስታወቱም ዕቃ እንደዚያው። ማጥለያዋ ግን በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ ከፊት ተቀምጣለች። ፈታሁት። የወረቀቱ እሽግ ባዶ ነው፤ አንዲት ወረቀት አልቀረችም። ውስጧ ግን በእጅ የተሰፋች፣ ልክ እንደ ወረቀቱ ታቿ የጠበበ የአቡጀዲ ከረጢት አለች። ነጭ የነበረው አቡጀዲ ቡና ሆኗል፤ አጥበው አጥበው የማይለቅ ቡና። በዕቃው የተጠቀመ ሰው አለ ማለት ነው። ከእኔና ከእሷ በቀር ደግሞ አሠራሯን የሚያውቅ የለም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ውሃዬን ጥጄ፣ ከገበያ ያስፈጨሁትን ቡና አቅርቤ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። የተቀየሙ መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ በወፍጮ ያስፈጨሁት ቡና ድምፅ የለው፣ በምን ሰምተው ይምጡ? የየሻረግን ሙቀጫ አወጣሁና ባዶውን ሁለት ሦስቴ ወቀጥኩት። ወርቄ ወዲያው ገባች።

«ባዶ ነው የወቀጡት፤ ድምፁ ያስታውቃል» አለች እየተቀመጠች።

ዘሃራም ሱቋን ዘግታ ደረሰች። ከረጢቷን ማጥለያዋ ውስጥ አድርጌ ማፍሰስ ጀመርኩ። ለአንድ ሰው የተሠራች ናት፤ ሦስት ጊዜ ማጥለል ነበረብኝ። የወርቄን ሞልቼ፣ የዘሃራን ሞልቼ፣ የራሴን ስጀምር የነሱ ቀዝቅዟል።

«አያ ማሩ፣ ፈረንጆቹ ቡና እስኪደርስ ምሳቸውን ይበላሉ እንዴ?» አለች ዘሃራ። ቀምሳ ደግሞ «ቀጥኗል። ግን ቡና ነው፣ አልዋሽም» አለች።

ወርቄ ግን አልቀመሰችም። ሲኒዋን ይዛ ማጥለያዋን ታያለች።

«ይሄን ጨርቅ ማን እንደሰፋው ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አቡጀዲው ከኔ ሱቅ ነው» አለች ዘሃራ ቀደም ብላ። «ከዓመት ዓመት ክንድ ክንድ ትወስድ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ነግራኝ አታውቅም።»

ወርቄ ሲኒዋን አስቀመጠች። «እንዳልናገር አደራ አላለችኝም፤ እኔው ነኝ ነገሩን በሆዴ የያዝኩት» አለች። «አንድ ቀን እርስዎ ሳንቃ በር ወጥተው ሳሉ፣ ገና ሲነጋ፣ እዚህ ደጃፉ ላይ እርስዎ የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ወደ ተራራው መንገድ አዙራ። ይቺን ሲኒው ላይ አስቀምጣ፣ ጠብ ጠብ ስትል ታያለች። ከዚያ ትጠጣለች።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን። ሙቀጫ ብትወቅጥ እንሰማ የለ? እንመጣለን። እኛ ከመጣን ደግሞ ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ። የሚወቀጠውን ከትናንት ወቅጣ አሳድራው ነው መሰለኝ፣ እንዳንሰማ። በአጥሩ ቀዳዳ ነው ያየኋት። ልገባ አልኩና፣ ብቻዋን ስትጠጣ መታየቷ ያሳፍራታል ብዬ ተመለስኩ። ያየችኝም ይመስለኛል። ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም።»

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረገችው?»

«እኔ ያየሁት አንዴ ነው» አለች ወርቄ። ወደ ጨርቁ አየች። «ጨርቁ ግን የአንድ ቀን አይመስልም።»

እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ነበር፤ የማስበው ታከለን ነበር። «ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ፤ ሰውዬው ብቻውን ነው» ያልኩት ታከለ። ስሙን የማላውቀው፣ ዝምታውን ፈልጎ ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው ብቻውን እንዳይጠጣ አዝኜ ታከለን ላክሁለት፤ የኔ ሚስት ግን እሱ በተወው ዕቃ፣ በዚያው ተራራ ሥር፣ መንገዱን እያየች ሙቀጫዋን አፍና ትጠጣ ነበር። ለሷ የላክሁት ሰው የለም። መቼ ትመጣለህ የማትለኝ ሴት ስለሆነች ደስ ይለኝ ነበር ብያችኋለሁ። እጅ ከድንዛዜው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያም ነው፤ ሳንቃ በር የሠራ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ያመመኝ ያኔ ነው። ዕንባ ግን አሁንም አልመጣም፤ መጣ ብዬ አልዋሻችሁም።

ወርቄ የቀዘቀዘውን ቡናዋን በአንድ ትንፋሽ ጨልጣ ተነሳች። «ለአዲሷ ሴት እሑድን እንሰጣታለን» አለች። «ማክሰኞና ዓርብ የዚህ ቤት ነው። ሙቀጫ ግን ባዶውን አይውቀጡ፤ ጥሩ አይደለም።» ዘሃራም ተከትላት ወጣች። ሲኒዎቹን አጥቤ ጨርቁን ገመድ ላይ አሰጣሁ። እሱንም በውሃ ብቻ ነው የለቀለቅሁት፤ ሳሙና አላስነካሁትም።

በማግስቱ ረቡዕ፣ የዘሃራ ቀን ነው፤ ገና ሲነጋ ተነሳሁ። የደባርቅ ጠዋት ያው ነው፤ ጭጋጉ ከገደሉ በኩል መጥቶ ባሕር ዛፉን ይውጠዋል፣ ተራራው መንገድ ላይ የሚታይ ነገር የለም። በርጩማዬን ደጃፉ ላይ አደረግሁ። ማጥለያዋን ሲኒው ላይ አስቀምጬ ውሃውን እንደ ክር አቅጥኜ አፈሰስኩ። እሷ ከዚህ ሆና ምን እንደምታይ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ጭጋግ ብቻ ነው። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ብዙ ጠዋት ይሄን እየሰማች ተቀምጣ ነበር እንግዲህ።

ሲኒው ሊሞላ ሲል የአጥሩ በር ተንቋቋ። ወርቄ ነች፤ ጋቢዋን ተከናንባ፣ የገዛ ሲኒዋን በእጇ ይዛ። ሙቀጫ አልወቀጥኩም፣ ማንንም አልጠራሁም። መጥታ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ለጥቂት ጊዜ ወደ ጭጋጉ አየች።

«ያን ጊዜ ከአጥሩ ተመልሼ ነበር» አለችና ሲኒዋን ዘረጋችልኝ።